መስቀል ሁሉ አንድ አይደለም

አሮጌ ኮሮላ ለማደስ የተነሳ ሰው አስቀድሞ የሚፈራው ሞተሩንና ዝገቱን ነው። ሥራውን የምታስቆመው ግን ብዙ ጊዜ የካርቡሬተር ክዳን የያዘች አንዲት ትንሽ ብሎን ናት። ራሷ ላይ መስቀል አለ፤ ካቻቢቴውም ባለ መስቀል ነው። ሲጠመዘዝ ግን ይሾልካል፤ ሁለት ሦስቴ ከተደገመ መስቀሉ ተፍቆ ክብ ጉድጓድ ይሆናል።

ችግሩ የጉልበት ማነስ አይደለም። ገበያ ላይ የሞላው ባለ መስቀል ካቻቢቴ ፊሊፕስ የሚባለው ነው። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1936 ካዲላክ ሲገጣጥም ከተጠቀመበት ወዲህ በፍጥነት ተስፋፋ። ከእሱ በፊት የነበረው ባለ አንድ ስንጥቅ ብሎን ለፋብሪካ ማሽን አይመችም ነበር፤ ካቻቢቴው ወደ ጎን ይንሸራተታል። መስቀሉ ግን መሃሉን ራሱ ፈልጎ ይይዛል።

የድሮ ቶዮታና ዳትሰን ብሎኖች የተሠሩት ጂስ በሚባለው የጃፓን ደረጃ ነው። መስቀሉ ለዓይን ያው ይመስላል፤ ቅርጹ ግን ይለያል። የፊሊፕስ ጫፍ ሲገባበት ጎኖቹ ግድግዳውን በደንብ ሳይዙ አፍንጫው ወለሉን ይነካል። ለዚህ ነው የሚሾልከው። ብዙዎቹ የጂስ ብሎኖች ራሳቸው ላይ ትንሽ ነጥብ አለባቸው፤ ነጥብ የሌላቸውም ስላሉ የጃፓን መኪና ላይ ጂስ ነው ብሎ መጀመር ይሻላል። የጂስ ካቻቢቴ ፊሊፕሱንም ደህና አድርጎ ይፈታል። አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው እሱን ይግዛ።

የእንግሊዝ መኪና ከሆነ ሌላ መስቀል አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ የመጣው ፖዚድራይቭ። በዋናው መስቀል ክንፎች መካከል አራት ቀጫጭን ጭረቶች ይታያሉ። በፊሊፕስ መፍታት ይቻል ይሆናል፤ ራሱን ግን ያበላሻል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቮልስ ላይ የሚበዛው ባለ ስንጥቁ ነው። እሱ የሚጠይቀው ስንጥቁን ሙሉ በሙሉ የሚሞላ ካቻቢቴ ብቻ ነው፤ ቀጭኑን ማስገባት ጠርዙን መስበር ነው።

የትኛውም ዓይነት ቢሆን፣ ከመዞሩ በፊት ጉድጓዱ ውስጥ የደረቀው ቀለምና ግራሶ በመርፌ ይውጣ። የዛገው ዘይት ጠጥቶ ይደር። ከዚያም በመዶሻ ሲመቱት የሚዞረውን መፍቻ መጠቀም ነው፤ ምቱ ጫፉን ወደ ታች ስለሚይዘው አይሾልክም።

ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ካጋጠመ ደግሞ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቶርክስ የሚባለው ይህ ራስ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በ1950ዎቹ ቮልስ ላይ ከተገኘ ከፋብሪካ አብሮት አልመጣም። አንድ ሰው ያንን ቦታ ከፍቶ በእጁ ባገኘው ብሎን ዘግቶታል፤ ከሥሩ ያለው ሽቦ ወይም ላሜራም ተነካክቶ ሊሆን ስለሚችል፣ መጀመሪያ መከፈት ያለበት እሱ ነው።