ከልዋጭ የተረፈ ጥለት

«ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚለው ጥሪ በከተማ ላደገ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ለሐዋሳው ሐይቅ ዳር ነዋሪም እንዲሁ። የፕላስቲክ ሳፋና ባልዲ የተሸከመ ወጣት ሰፈሩን ይዞራል፤ የቤቱ እመቤት የጠበበ ሹራብ፣ ያለቀ ሱሪ፣ አንዳንዴም ያረጀ ነጠላ ይዛ ብቅ ትላለች፤ ጥቂት ይከራከራሉ፤ ሳፋው ይገባል፣ ልብሱ ይወጣል። በሹራቡና በሱሪው አልቆጭም። ነጠላው ግን ያንገበግበኛል። መሐሉ ሳስቶ ፀሐይ የሚያሳይ ነጠላ፣ ጥለቱ ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም። የሸማኔ ዓይንና ጣት የደከመበት ያ ጥለት ቤት ውስጥ ሌላ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል፤ ለዚህ ደግሞ ከሶፋ ትራስ፣ ብዙዎቻችን ኩሽን ከምንለው፣ የሚቀል ሥራ አላውቅም።

ጥለት ከልብሱ የሚቆይበት ምክንያት አሠራሩ ውስጥ አለ። በዛሬው ሸማ ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ ደግሞ በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ ነው። በእንዝርት የተፈተለው እጅ ላይ የሚለሰልሰው ላላ ብሎ ስለተፈተለ ነው፤ ቀድሞ የሚሳሳውም በዚያው ምክንያት ነው። ባለቀለሙ የጥለት ክር ግን ተጠቅጥቆ ይገባል፤ ጫፍ ላይ ስለሚውልም እንደ መሐሉ ትከሻና ክንድ አያሹትም። ቤንጋሎች የአሮጌ ልብስን ጠርዝ ዋጋ ከጥንት ያውቁታል፤ ያረጁ ሳሪዎችን ደራርበው በመርፌ እየወጉ ካንታ የሚባለውን ሥራ ሲሠሩ፣ የሚሰፉበትን ባለቀለም ክር ይመዙ የነበረው ከዚያው ከአሮጌው ሳሪ ጠርዝ ነው።

ትራስ ከውጭ የመጣ ፋሽን የሚመስለው ካለ ሐረርን ያስብ። በሐረሪዎች ቤት፣ በገይ ጋር፣ ሰው የሚቀመጠው ነደባ በሚባሉት አምስት መደቦች ላይ ነው፤ መደቦቹም ምንጣፍና ትራስ ይለብሳሉ። ዛሬ በየከተማው ሳሎን የገባው አረቢያን መጅሊስም ያለ ትራስ ባዶ ነው። ከሱቅ የተገዛው ትራስ ችግሩ በሁሉም ቤት አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። አያት ለጥምቀት ስትለብሰው ከኖረችው ነጠላ የተሰፋው ግን ጎረቤት ቤት አይገኝም።

ሐዋሳ ለዚህ ሥራ የተመቸች ናት። የሲዳማ፣ የወላይታ፣ የጋሞ ልጆች፣ ከሰሜንም የመጡ ሰዎች ጎን ለጎን ስለሚኖሩባት በአንድ ሰፈር ያሉ ሳጥኖች ቢከፈቱ የሀገር ጨርቅ በየዓይነቱ ይወጣል፦ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሚፈራረቁበት ዱንጉዛ፣ ባለጥልፍ ቀሚስ፣ አራት እጥፍ ጋቢ፣ ወፍራም ቡሉኮ። የስፌት እጅም አይጠፋም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶችን ስፌት መኪና ላይ አስቀምጧል። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ከሚሰጠው ከአጎዋ ስታስወጣና ከፓርኩ ትልልቅ ኩባንያዎች አንዱ የነበረው ፒቪኤች ሥራውን ሲዘጋም ሙያው ከልጆቹ እጅ አልጠፋም። ፋብሪካ ውስጥ አንዷ ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ብቻ፣ ሌላዋ ኪስ ብቻ ትሰፋለች። ትራስ ከቆረጣ እስከ መጨረሻው ስፌት በአንዲት ሴት እጅ የሚያልቅ ሥራ ስለሆነ፣ የራሷን ነገር ለመጀመር ለምትፈልግ ጥሩ መነሻ ነው ብዬ አምናለሁ። ገበያም አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ውስጥ የተመሠረተው ሳባሃር በእጅ ከተሸመነ ጥጥና ሐር የትራስ ልብስ እየሠራ ለውጭ ገዢ ያቀርባል።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ መጀመሪያ ማጠብ ነው። ከማጠብም በፊት ነጭ እራፊ አርጥቦ ቀለሙን መነካካት ይገባል፤ ቀዩ ወይም ጥቁሩ እራፊው ላይ ከቀረ ነጩን ስለሚያበላሽ ያ ጨርቅ ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ። የቀረው ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና፣ ሳይታሽ፣ ይነከራል። የሚደርቀው ጥላ ላይ ነው። ሲደርቅ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ማየትና በሁለት እጅ ቀስ ብሎ ወጠር ማድረግ፤ ሲወጠር የሚሰነጠቀው ቦታ ለትራስ ፊት አይሆንም። ሳጥን ውስጥ ለዓመታት ታጥፎ የኖረ ልብስ የሚበጠሰው በእጥፋቱ ላይ ስለሆነ ያንን መስመር በተለይ መመርመር ያስፈልጋል።

ሸማ ላላ ብሎ የተሸመነ ነውና መቀስ ሲነካው ይተረተራል። ብልሃቱ ሳይቆርጡ መስፋት ነው፦ ጥለቱን አቡጀዲ ላይ አንጥፎ፣ በመርፌ ቁልፍ ይዞ፣ ሊቆረጥ የታሰበውን መስመር እየተከተሉ በመኪና መስፋት፤ ከዚያ ከስፌቱ ውጭ መቁረጥ። ክብደቱን አቡጀዲው ስለሚሸከምለት የሳሳ ጨርቅ እንኳ ይቆያል። አቡጀዲውም ቀድሞ ይታጠብ፤ አለዚያ ኋላ ሲሰበሰብ ጥለቱን ያጨማድደዋል። የትራሱ ልብስ ከውስጡ ትራስ በሁለት ሴንቲ ሜትር ጠበብ ማለት አለበት፦ 45 በ45 ለሆነ ትራስ 43 በ43። ያኔ ማዕዘኖቹ ሞልተው ይቆማሉ። ለጀማሪ ዚፕ አያስፈልግም፤ ጀርባውን ከሁለት ቁራጭ ሠርቶ መሐል ላይ 10 ወይም 12 ሴንቲ ሜትር ማደራረብ ይበቃል። ያረጀ መጋረጃ፣ አንሶላ፣ የጂንስ ሱሪ እግር ለጀርባ ይሆናል።

ብዙ ትራስ የሚበላሸው ሙሌቱ ላይ ነው። ቁርጥራጭ ጨርቅ እንዳለ ከተጠቀጠቀበት እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ይጎረብጣል። ከልብስ ሰፊ ቤት የሚለቀመው ቁርጥራጭ የጣት ጫፍ እስኪያህል ተቆራርጦ ከተባዘተ ጥጥ ጋር ይቀላቀል፤ ከቲሸርትና ከሹራብ የወጣው ከጂንስ ይልቅ ይለሰልሳል። ሙሌቱ በራሱ ከረጢት ተሰፍቶ በቀላሉ የሚወጣ መሆን አለበት። ሐይቁ አጠገብ ላለ ቤት ይህ ግድ ነው፤ ክረምት ላይ ጥጡ እርጥበት ይይዛል፣ በየጊዜው ፀሐይ ካልሞቀም ሽታ ያመጣል።

የአቀማመጡም ነገር ከሐይቁ ጋር የተያያዘ ነው። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ስለሆነ ወደ እሱ የሚከፈት መስኮት የከሰዓቱን ፀሐይ እንዳለ ይቀበላል። ፀሐይ ቀለም ማደብዘዝ ብቻ ሳይሆን የጥጡን ክር እያደረቀ ያደክመዋል። አሮጌው ጥለት ፀሐይ በማይደርስበት ጥግ ይሁን፤ በረንዳ ላይ የሚውለው ትራስ ከጂንስና ከመጋረጃ ጨርቅ ይሰፋ። ብዛትም አልወድም። ባለ ሦስት ሰው ሶፋ ላይ ሁለት ባለጥለት ትራስ ይበቃል፤ ከጥለቱ ቀለሞች አንዱን የያዘ ልሙጥ ትራስ አጠገቡ ሲሆን ጥለቱ ይጎላል። ዱንጉዛ ከሆነማ አንዱ ብቻውን ክፍሉን ይሞላዋል።

መቀስ የማይነካው ልብስም አለ። ያልሳሳ የእናት የሠርግ ቀሚስ፣ በእጅ የተጠለፈ ሙሉ ካባ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፍቼ ጨምበላላ፣ ወደ ጉዱማሌ አደባባይ ሲወጡ የሚለበስ የባህል ልብስ ገና ሥራ ላይ ነው። የሟች መታሰቢያ የሆነ ጋቢም ቤተሰቡ ሳይመክርበት አይቆረጥም። ለትራስ የሚታጨው ተጠግኖም የማይለበስ ጨርቅ ነው። ለቀረው በታጠበ አቡጀዲ፣ ሳይታጠፍ፣ ጠቅልሎ ማስቀመጥና በዓመት አንድ ሁለቴ ጥላ ላይ ማናፈስ ይበቃዋል።