8 ለ 1 እየመሩ ዋንጫ የተነጠቁት መርከበኞች

ሊቨርፑል እ.ኤ.አ. በ2005 ኢስታንቡል ላይ በኤሲ ሚላን 3 ለ 0 ተመርቶ ዋንጫ ማንሳቱ ዛሬም በየካፌው ይወራል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2013 ሳንፍራንሲስኮ ላይ የታየው ጉድ ግን ከዚያም ይብሳል። ኳስ የለበትም፤ ሜዳው ባሕር፣ ተጋጣሚዎቹም ሁለት ባለ ሸራ ጀልባዎች ናቸው።

ውድድሩ የአሜሪካ ዋንጫ ይባላል። ከኮፓ አሜሪካ ጋር እንዳይምታታ! ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ካሸነፈችው «አሜሪካ» ከተባለች ጀልባ ነው። በ2013 ዋንጫውን ይዞ የቆየው የቱጃሩ ላሪ ኤሊሰን ቡድን ኦራክል ሲሆን ፈታኙ ደግሞ ኤምሬትስ ቲም ኒውዚላንድ ነበር። አዎ፣ የአርሰናል ማሊያ ላይ ያለው ኤምሬትስ ነው።

ኦራክል ቀደም ሲል በትንንሽ ጀልባዎች በተካሄደ ውድድር ደንብ ጥሶ በመገኘቱ 2 ነጥብ ተቀንሶበት ጀመረ። ኒውዚላንድ 9 ጊዜ ማሸነፍ ሲበቃው አሜሪካኖቹ 11 ጊዜ ማሸነፍ ነበረባቸው። ሴፕቴምበር 18 ቀን ነጥቡ 8 ለ 1 ሲሆን ሁሉም «አለቀለት» አለ። ኒውዚላንድ የቀረው አንድ ድል ብቻ ነው።

ኦራክል የሚበላው የት ነበር? እያንዳንዱ ፉክክር 5 ምዕራፍ አለው። ሦስተኛው በነፋስ ላይ የሚኬድበት ሲሆን ጣጣውም እዚያ ነው።

ባለ ሸራ ጀልባ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ፊት ለፊት መሄድ አይችልም። ሸራው ይርገበገባል፣ ጀልባዋም ቀጥ ትላለች። እንጦጦን ጭነት ተሸክሞ የወጣ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ዳገቱ ሲከብድ ወደ ግራ አንዴ፣ ወደ ቀኝ አንዴ እየተጠማዘዙ ነው የሚወጣው። ጀልባዋም የነፋሱን ዳገት የምትወጣው እንደዚያው ነው። ጥያቄው ምን ያህል ትጠማዘዝ የሚለው ነው። አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ካስጠጓት መንገዱ ያጥራል፣ ፍጥነቷ ግን ይሞታል። ከነፋሱ ካራቋት ትከንፋለች፣ መንገዱ ግን ይረዝማል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ጀልባ ከነፋሱ በ45 ዲግሪ ርቃ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች እንበል። ወደ ነፋሱ ምንጭ በትክክል የምትጠጋው በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 52 ዲግሪ ላይ 46 ኪሎ ሜትር ካገኘች 28 ትጠጋለች። ስግብግብ ሆና 60 ዲግሪ ብትሄድ፣ 50 ኪሎ ሜትር እንኳ ብታወጣ፣ ተመልሳ 25 ላይ ትወድቃለች። ዋንጫ የሚበላው መሀሉን ያገኘ ነው።

መሣሪያ አይቶ ይህንን ማግኘት ቀላል ይመስላል። አይደለም! መሪው ጀልባዋን ድንገት ወደ ነፋሱ ሲያስጠጋት የነበራት ግፊት ለጥቂት ሰከንድ ይዟት ይሄዳል፤ በዚያች ቅጽበት ቁጥሩ ያምራል። «አገኘኋት» ሲል ፍጥነቷ ይከዳዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው።

የኦራክል ባለሙያዎች ከውድድሩ በፊት በኮምፒዩተር ያሰሉት ስሌት ወደ ነፋሱ ጠጋ ብላችሁ ሂዱ የሚል ነበር። ኒውዚላንዶች ደግሞ ራቅ ብለው በፍጥነት ይሄዱ ነበር። እነዚያ 22 ሜትር የሚረዝሙ ባለ ሁለት አካል ጀልባዎች ፍጥነት ሲያገኙ ከውሃው በታች ባላቸው ክንፍ ተነስተው ከባሕሩ በላይ ይበርራሉ። ራቅ ያለ የተባለው መንገድ እንዲያዋጣ ያደረገው ይኸው በረራ ነው። ኦራክል ስሌቱን ትቶ ያንን መንገድ ያዘ፤ ሌሊት ሌሊት ጀልባዋን እያስተካከለ፣ ቀን ቀን በነፋስ ላይ እየበረረ ከአስተማሪው በለጠ።

ብዙዎች ድሉን የሰጡት ተቀይሮ ለገባው እንግሊዛዊ ቤን ኤንስሊ ነው። የ4 ኦሎምፒክ ወርቅ ባለቤት ነውና አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ኤንስሊ በገባበት ቀን የተካሄዱትን 6ኛውንና 7ኛውን ፉክክር ኦራክል ተሸንፏል። ታሪኩን የቀየረው የሰው ቅያሪ ብቻ ቢሆን ኖሮ የዚያኑ ቀን ይታይ ነበር።

ዕድልም ነበረበት። ሴፕቴምበር 20 ቀን ነፋሱ ደከመ፤ ኒውዚላንድ በሰፊ ርቀት እየመራ ወደ መጨረሻው መስመር ሲቃረብ 40 ደቂቃው አለቀና ፉክክሩ ተሰረዘ። ኳሷ መስመሩን ልታልፍ ስትል ዳኛው ፊሽካ እንደመንፋት ነው። በዚያው ቀን እንደገና ተጀመረ፤ ኦራክል አሸነፈ።

ከዚያ በኋላ 8 ለ 8። ሴፕቴምበር 25፣ 19ኛው ፉክክር። የኒውዚላንዱ ዲን ባርከር ወደ ነፋሱ ዳገት የገባው በጥቂት ሰከንድ እየመራ ነበር። የኦራክሉ ጂሚ ስፒትሂል ግን ጀልባዋን ራቅ አድርጎ ለቀቃት፤ ከውሃው ተነስታ በነፋስ ላይ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ እየከነፈች አለፈችው። ልዩነቱ በመጨረሻ 44 ሰከንድ ሆነ።

ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2017 በርሙዳ ላይ ኦራክልን 7 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ከኦራክል መሪ ኋላ የቆመው አሁንም ስፒትሂል ነበር። ባርከር ግን ከኒውዚላንድ ቡድን ከተሰናበተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የጃፓንን ጀልባ ይዞ መጥቶ ለፍጻሜው ሳይደርስ ቀርቷል።