ጨረርና የውሃ ጠብታ፦ ናኖ ቅንጣት እንዴት ይሠራል?



ካድሚየም ሰልፋይድ ቢጫ ሰሚኮንዳክተር ነው። ቅንጣቱ ከ5 ናኖሜትር ገደማ ሲያንስ ግን ቢጫነቱ ይሳሳል፤ የሚውጠው ብርሃን በመጠኑ ይወሰናልና። ታዲያ እድገቱን በፈለግነው መጠን ላይ እንዴት እናስቁመው?

ዘይት ውስጥ ሳሙና መሰል ውህድና ጥቂት ውሃ ስንጨምር፣ ሞለኪውሎቹ ውሃ ወዳድ ጫፋቸውን ወደ ውስጥ አዙረው እጅግ ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎችን ያቅፋሉ። ለስላሳ ቅርጽ ማውጫ የምንለው ይህን ነው። በጠብታዎቹ ውስጥ የካድሚየም ጨውና ድኝ ያለው ውህድ አለ። ከኮባልት 60 የሚወጣው የጋማ ጨረር ውሃውን ሲመታ ኤሌክትሮኖች ይለቀቃሉ፤ እነሱም ድኙን ከውህዱ ያላቅቁታል፤ ድኙም ከካድሚየሙ ጋር ይጣመራል። የጠብታው ጥበት ቅንጣቱ እንዳይገዝፍ ይይዘዋል።

ምድጃ አያስፈልገንም፤ በክፍል ሙቀት ይሠራል። ካድሚየም ግን መርዝ ነው። ትራፊውን ወደ ፍሳሽ አንድፋ፤ የሰው ውሃ አማና ነው።