ከመጋዘን እስከ ደጃፍ፦ የጥቅል ዕቃ ማድረስ ሥራ ዕድገትና የአድራሹ ሠራተኛ መብት

በፓሎ አልቶ የመኖሪያ ሰፈሮች የሚመላለስ ሰው በየደጃፉ የተቀመጡ የካርቶን ሣጥኖችን ሳያይ አይውልም። ገዢው ከወንበሩ ሳይነሣ ያዘዘው ዕቃ ነው። ለዚህ ምቾት ከሚከፈለው ዋጋ ከፊሉ ግን በደረሰኙ ላይ አይታይም። ይህ አጭር ጽሑፍ ያን ዋጋ ማን እንደሚሸከመው ለማስረዳት ይሞክራል። (ከአዋጆቹ ቁጥር በቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥቅል ማድረስ ራሱ አዲስ ሥራ አይደለም። የአሜሪካ ፖስታ ቤት የጥቅል አገልግሎቱን በ1913 ጀምሯል። በ1907 በሲያትል የተመሠረተው የመልእክተኞች ድርጅትም በ1919 ወደ ኦክላንድ ሲስፋፋ ዛሬ ዩ.ፒ.ኤስ. የምንለውን ስም ይዟል። ሁኔታውን የለወጠው በኢንተርኔት የሚካሄደው ግብይት ነው። በ1995 ኢቤይ በሳን ሆዜ፣ አማዞንም በሲያትል ሥራ ሲጀምሩ፣ እያንዳንዱ መኖሪያ ቤት እንደ ሱቅ ሁሉ ዕቃ ተቀባይ፣ አንዳንዴም ላኪ ለመሆን በቃ።

ዕድገቱ ግን አንድ መሠረታዊ ችግር ነበረበት። ሺህ ጥቅል በአንድ የጭነት መኪና ከመጋዘን ወደ መጋዘን ማጓጓዝ ርካሽ ነው፤ እያንዳንዱን በየደጃፉ ማድረስ ግን ጊዜን፣ ነዳጅንና ጉልበትን ይፈጃል። ዌብቫን የተባለው ኩባንያ በኦክላንድ ግዙፍ መጋዘን አቁሞ በ1999 አስቤዛ በየቤቱ ማደል ቢጀምርም፣ ወጪውን መቋቋም ተስኖት በ2001 ከስሯል።

ሌሎች ድርጅቶች ከወጪው ከፊሉን ወደ ሾፌሩ አዛወሩት። ሾፌሩ “ራሱን የቻለ ተቋራጭ” ከተባለ የመኪናው፣ የነዳጁና የጥገናው ወጪ የእርሱ ይሆናል፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያም አያገኝም። ዳይናሜክስ የተባለው የጥቅል አድራሽ ድርጅት በ2004 ሾፌሮቹን በዚህ መልክ በመመደቡ ተከሰሰ። በሚያዝያ 2018 የካሊፎርንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰጠው ውሳኔ፣ አንድ ሠራተኛ ተቋራጭ ነው የሚል ድርጅት ሦስት ነገሮችን ማስረዳት እንዳለበት ደነገገ፦ ሠራተኛው ከድርጅቱ ቁጥጥር ነፃ መሆኑን፣ ሥራው ከድርጅቱ መደበኛ ተግባር ውጭ መሆኑን፣ ሠራተኛውም በሙያው የራሱ ነፃ ሥራ ያለው መሆኑን። ይኸው መመዘኛ በ2019 በሕግ ጸደቀ። ይሁን እንጂ በኅዳር 2020 የክፍለ ሀገሩ ሕዝብ በድምፁ ያጸደቀው ድንጋጌ፣ በስልክ መተግበሪያ አማካይነት ሰውና ዕቃ የሚያመላልሱትን ሾፌሮች ከዚህ ጥበቃ አወጣቸው፤ ድንጋጌውም በ2024 በዚያው ፍርድ ቤት ጸንቷል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በዚህ አካባቢ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል በመሪ ጨብጦ የሚተዳደረው ጥቂት አይደለም። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ግብይት ሕጋዊ መሠረት ጥሏል፤ በአዲስ አበባ ጥቅል በሞተር ብስክሌት ማድረስም መተዳደሪያ ሆኗል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጠበቅ አስቀድሞ “ሠራተኛ” መባል ያሻል። እንግዲህ ሞተረኛው ሠራተኛ ነው ወይስ ተቋራጭ? ካሊፎርንያ ይህን ጥያቄ ያነሣችው ሥራው ሥር ከሰደደ በኋላ በመሆኑ ብዙ ዓመት በሙግት አልፏል። እኛ ቀድመን ብናነሣው ይበጃል።