ዛፍ በተቆራረጠ ደን ውስጥ እንዴት እንደሚሰፋና እንደሚጸና

ዛፍ ከበቀለበት ሥፍራ ተነሥቶ አይሄድም፤ የሚሄደው ዘሩ ብቻ ነው። በወላይታ፣ በቦምቤ አካባቢ እንደሚሆነው ሁሉ ደኑ በእርሻና በእንሰት ጓሮ መካከል ተቆራርጦ በየገደሉና በየወንዙ ዳር ሲቀር፣ ዋንዛን የመሰለ ዛፍ ከአንዱ ቅሬታ ወደ ሌላው የሚሻገረው ወፍና ጦጣ ፍሬውን በልተው ዘሩን ሲጥሉለት ነው።

ሪቻርድ ሌቪንስ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1969 እ.ኤ.አ. ስለ ሰብል ተባይ ያወጣው ሥሌት ይህን ነገር ይገልጠዋል። ለምሳሌ ያህል ለዛፉ የሚስማሙ 100 ሥፍራዎች አሉ እንበል። በየ10 ዓመቱ ዛፉ ከቆመባቸው 10 ሥፍራዎች በአንዱ በምሳር፣ በእሳት ወይም በድርቅ ይጠፋል፤ የ10 ሥፍራዎች ዘር ደግሞ 4 ሥፍራ ይደርሳል። ነገር ግን ዘሩ የወደቀው አስቀድሞ ዛፉ ባለበት ወይም በታረሰ መሬት ላይ እንደ ሆነ ከንቱ ነው። በዚህ ሥሌት ዛፉ በ75 ሥፍራ ይጸናል። ግማሹ ሥፍራ ቢመነጠር በቀሩት በ50ው ሁሉ ይኖራል ብለን እንገምት ይሆናል፤ ዳሩ ግን የሚጸናው በ25 ብቻ ነው። 75ቱ ቢመነጠሩ፣ 25 ሥፍራ ምሳር ሳይነካው ቢቀርም፣ ዛፉ ፈጽሞ ይጠፋል።

ስለዚህ «ይህ ጥሻ ዋንዛ የለበትምና ይታረስ» የሚለው ፍርድ፣ በየወረዳው የሚሰማ ቢሆንም፣ ስሕተት ነው። ዛፉ የሌለበት ጥሻ ለሚመጣው ዘር ማረፊያ ነውና። ጥፋቱም ወዲያው አይታይም፤ ሽማግሌዎቹ ዛፎች ብዙ ዘመን ይቆማሉ፤ የሚቆጥራቸውም ሹም ደኑ ደኅና ነው ብሎ ይጽፋል። ሊቃውንት ይህን የጥፋት ዕዳ ብለው ሰይመውታል።

ከሶዶ በስተ ደቡብ በሁምቦ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 2,728 ሄክታር ተራራማ መሬት ተከልሎ ደኑ ከቆዩ ጉቶዎች አቆጥቁጧል። ይህ ብርቱ መድኃኒት ነው፤ ሆኖም ጉቶ የሚመልሰው በሥፍራው የነበረውን ዛፍ ብቻ ነው፤ ሥሩ የጠፋው ዘርን መጠበቅ አለበት።

ሥሌቱ አንድ ጉድለት አለው፤ ሥፍራዎቹን ሁሉ እኩል የተራራቁ አድርጎ ይቈጥራል። በእውነቱ ግን ቅርቡ ከሩቁ ይልቅ ዘር ያገኛል። በእርሻ መካከል ብቻውን የቆመ ዋንዛም ወፍ ስለሚያርፍበት መንገዱን ያሳጥራል። እንግዲህ የወረዳው ሹም ስለ ምንጣሮ ሲወስን፣ ከዛፉ ብዛት ጋር በቅሬታዎቹ መካከል ያለውን ርቀትና ባዶውን ጥሻ በመዝገቡ ያግባ።