የሬዲዮ ሞገድ ድልድልና ጥበቃ

የሞገድ ፍጥነት የድግግሞሹና የሞገዱ ርዝመት ብዜት መሆኑን በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የማያስተምር መምህር የለም። ተማሪው 100 ሜጋኸርትዝ ቢሰጠው ርዝመቱ 3 ሜትር መሆኑን አስልቶ ይመልሳል። ሆኖም ይህ ድግግሞሽ እንደ መሬትና እንደ ውኃ በሕግ የሚደለደል፣ ያለ ፈቃድ ቢነካ የሚያስጠይቅ የሕዝብ ሀብት መሆኑ በክፍል ውስጥ እምብዛም አይነሳም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ድልድሉ እንዴት እንደሚከናወንና ትምህርትን በሬዲዮ ለማዳረስ የሚያቅዱ ክፍሎችን በምን በኩል እንደሚመለከታቸው ማስረዳት ነው።

ሞገድ ከመሬት የሚለይበት ጠባይ አለው። መሬት ሲታረስ ይደክማል፤ ሞገድ ግን በሥራ ላይ ቢውልም አያልቅም፤ አስተላላፊው በተዘጋበት ቅጽበት እንደ ነበረ ይገኛል። ጉዳት የሚደርሰው ሁለት አስተላላፊዎች በአንድ አካባቢ፣ በአንድ ጊዜና በአንድ ድግግሞሽ ሲሠሩ ነው። ያን ጊዜ አድማጩ አንዱንም አጥርቶ ላይሰማ ይችላል።

ሞገድ የአገር ወሰን ስለማያግደው ድልድሉ የሚጀምረው ከአገር ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ዓለምን በሦስት ቀጠናዎች የከፈለ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካና ከአውሮፓ አገሮች ጋር በአንደኛው ቀጠና ውስጥ ትገኛለች። አባል አገሮች በየሦስት ወይም በየአራት ዓመቱ እየተሰበሰቡ የትኛው የሞገድ መደብ ለብሮድካስት፣ የትኛው ለአውሮፕላን፣ ለመርከብ፣ ለሳተላይት ወይም ለተንቀሳቃሽ ስልክ እንደሚውል ይወስናሉ። ከዚያም እያንዳንዱ አገር የራሱን ሠንጠረዥ ያወጣል። በአገራችን ሞገዱን የማስተዳደር ኃላፊነት በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። የብሮድካስት ሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ግን፣ በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 መሠረት፣ የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። ሁለቱን አለማደናገር ያስፈልጋል።

የመካከለኛ ሞገድ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያስተምራል። ይህ ሞገድ ቀን ቀን ምድርን ተከትሎ ይጓዛል፤ ሲመሽ ግን አዮኖስፌር ከተባለው የከባቢ አየር ንጣፍ እየነጠረ እጅግ ሩቅ ይደርሳል። ሌሊት የባዕድ አገር ጣቢያ በቤታችን ሬዲዮ የሚሰማው ስለዚህ ነው። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ1975 በጄኔቫ በተደረገው ስምምነት ጣቢያዎች በ9 ኪሎኸርትዝ ልዩነት ተደርድረው፣ ከ531 እስከ 1602 ኪሎኸርትዝ 120 መስመሮች ተገኙ። አፍሪካ፣ አውሮፓና አብዛኛው እስያ የሚካፈሉት እነዚህኑ ነው።

ኤፍ ኤም በአንጻሩ ተራራ ይጋርደዋል። በደጋ አገራችን አንዱ ሸለቆ የሚሰማውን ማዶ ያለው ላይሰማ ይችላል። ይህ ለአድማጩ ችግር ሲሆን ለደልዳዩ ግን በረከት ነው፤ ያንኑ ድግግሞሽ ከተራራው ወዲያ ደግሞ ሊሰጠው ይችላልና። መደቡ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርትዝ ይዘልቃል። በአንድ ከተማ ጣቢያዎች መካከል 0.4 ሜጋኸርትዝ ቢተው ስንት ጣቢያ ይገባል? መልሱ ሃምሳ ገደማ ነው። ጎረቤት ከተሞችም ድርሻቸውን ስለሚወስዱ ግን በተግባር የሚገኘው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው።

ከ108 ሜጋኸርትዝ በላይ የአውሮፕላን መምሪያ መሣሪያዎች መደብ ይጀምራል። በ104.5 እና በ107.0 የሚሠሩ ሁለት ጣቢያዎች እያንዳንዳቸው በፈቃዳቸው ወሰን ውስጥ ሆነው እንኳ፣ ኃይላቸው በአውሮፕላኑ መቀበያ ውስጥ ሲደባለቅ የ107.0 እጥፍ ላይ 104.5 ሲቀነስ የሚገኘውን 109.5ን ሊፈጥር ይችላል። ይህም አብራሪው ወደ ማረፊያው ሜዳ አቅጣጫ የሚይዝበት መደብ ነው። ተቆጣጣሪው አንድን ማመልከቻ ባዶ መስመር እያለ ሲመልስ ምክንያቱ እንዲህ ያለ ሊሆን ይችላል።

ፈቃድ የሌለው አስተላላፊ የሚገኘው መምህራን በሚያውቁት ጂኦሜትሪ ነው። ሁለት የክትትል ጣቢያዎች ሞገዱ የመጣበትን አቅጣጫ ይለካሉ፤ መስመሮቹ በካርታ ላይ የሚገናኙበት ቦታ አስተላላፊውን ያመለክታል። ሦስተኛ ጣቢያ ቢጨመር ስሕተቱ ይጠባል። ይህን በኮምፓስና በማስመሪያ በክፍል ውስጥ ማሠራት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2021 በሳፋሪኮም ለሚመራው ማኅበር የተሰጠው የቴሌኮም ፈቃድ 850 ሚሊዮን ዶላር ማስገኘቱ ሞገድ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያሳያል። ትምህርት በዚህ ሚዛን ሊወዳደር አይችልም፤ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት መወዳደርም የለበትም። በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በሬዲዮ ሲተላለፍ ነበር፤ ሞገዱ ያልደረሰበት ቀበሌ ልጅ ግን በጨረታ ላይ የሚናገርለት አልነበረም። ድርሻው በሠንጠረዡ ውስጥ አስቀድሞ መከበር አለበት።

ከአቃጆች በኩል የሚፈለገው አስተላላፊውን ከመግዛት በፊት ድግግሞሹን መጠየቅ ነው። ማመልከቻውም የቦታውን ኬንትሮስና ኬክሮስ፣ የምሰሶውን ከፍታ፣ የአስተላላፊውን ኃይልና የአንቴናውን አቅጣጫ መያዝ ይኖርበታል፤ የእነዚህም አብዛኛው ክፍል በትምህርት ቤቱ የጂኦግራፊና የፊዚክስ መምህራን ሊዘጋጅ ይችላል።