ረኀብና ጥጋብ ከወዴት ይመጣሉ?

የሀገራችን ሰው ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ»፤ ደስ ሲለው «አንጀቴ ራሰ» ይላል። ይህ አነጋገር ለጨዋታ ብቻ የተነገረ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ ሆድ ዕቃና አንጎል ሌት ተቀን መልእክት የሚላላኩ መሆናቸውን ሲረዳ አሳቡን መለወጡ አይቀርም።

ሰው የተሰናዳ ማዕድ አይቶ የወጡ ሽታ በሸተተው ጊዜ፥ ገና ሳይቀምስ አፉ ምራቅ ይሞላል፤ ጨጓራውም ምግብ የሚፈጭበትን ጭማቂ ማመንጨት ይጀምራል። ይህን ትእዛዝ ከአንጎል ወደ ጨጓራ የሚያደርሰው ቫገስ የተባለው ረጅም ነርቭ ነው። የምግብን መፈጨት አጥብቆ የመረመረው ሩሲያዊው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1904 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀብሎአል።

በዚያ ዘመን ብዙዎች ሊቃውንት ይህን ሥራ የሚያዙት ነርቮች ብቻ ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። ነገር ግን በ1902 በሎንዶን ከተማ ዊልያም ቤይሊስና ኧርነስት ስታርሊንግ አንድ ውሻ በመድኃኒት አስተኝተው፥ ወደ አንጀቱ ከፊል የሚደርሱትን ነርቮች ቈርጠው፥ በዚያው አንጀት ውስጥ አሲድ ጨመሩ። ነርቩ ተቈርጦ ሳለ ቆሽቱ እንደ ልማዱ ጭማቂውን አፈሰሰ። ቀጥሎም የአንጀቱን ውስጠኛ ልባስ ፍቀው፥ ከአሲድ ጋር ፈጭተውና አጥልለው በደም ሥር ቢሰጡት፥ ቆሽቱ ዳግመኛ አፈሰሰ። መልእክተኛው በደም የሚጓዝ መሆኑ በዚህ ታወቀ፤ ስሙንም ሴክሬቲን አሉት። በ1905 ስታርሊንግ እንዲህ ያሉትን መልእክተኞች ሁሉ «ሆርሞን» ብሎ ጠራቸው፤ ቃሉም ከግሪክ የተገኘ ሲሆን ትርጓሜው ማነሣሣት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተገኝተዋል። ባዶ ጨጓራ ምግብ ፈልጎ የሚልከው ግሬሊን የታወቀው በ1999 በጃፓን ሀገር ነው። ይህ መልእክተኛ በተለመደው የምግብ ሰዓት ይበረታል፤ ሰዓቱ ሲያልፍ ግን ሰው ሳይበላም እንኳ ይደክማል፤ ረኀብ መጥቶ የሚመለስ መሆኑን የጾመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቅባት ያለበት ምግብ አንጀት ሲደርስ ደግሞ በ1928 የታወቀው ኮሌሲስቶካይኒን የሐሞትን ከረጢት አስጨምቆ ሐሞቱን ያስፈስሳል፤ በቫገስም በኩል ለአንጎል «በቃ» ብሎ ይነግራል። ጂ ኤል ፒ አንድ የሚባለው ጨጓራ ቶሎ እንዳይራገፍ ይይዛል፤ ቆሽትም ኢንሱሊን እንዲያወጣ ያግዛል። ዛሬ ለስኳር በሽታና ከልክ ላለፈ ውፍረት ከሚሰጡት መርፌዎች አንዳንዶቹ የእርሱን ሥራ አስመስለው የተሠሩ ናቸው።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፥ ከዚህ ለቤታችን የሚሆን ምክር እናገኛለን። የጥጋብ መልእክት ለአንጎል በሚገባ እስኪሰማ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ወደ ሥራው ቸኵሎ የሚጐርስ ሰው መልእክቱ ሳይደርሰው ከልኩ ያልፋል። እንግዳን «በሞቴ» ብሎ ማጉረስ የፍቅር ምልክት ነው፤ ይሁን እንጂ ደኅና ሆኖ የሚያድግ ሕፃን «ጠገብሁ» ሲል አስገድዶ ማጉረስ የገዛ ሆዱን ቃል እንዳይሰማ ማስለመድ ነውና፥ ወላጆች ቢጠነቀቁ መልካም ነው። የምግብ ፍላጎቱ ለብዙ ቀን የጠፋና ሰውነቱ እየከሳ የሄደ ሰው ግን፥ ትልቅም ሆነ ትንሽ፥ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይቅረብ።